በእግዜር የሚል ጠፍቶ

እና ወለሉን ራሴ ነኝ ያደረቅኩት፣ ወልውዬ በእጄ ዳብሼዋለሁ፣ ጠብታ ውሃ የለበትም፣ ፖፖው ከአልጋው ሥር፣ ምርኩዛቸው ከእጃቸው ጎን፣ ልጃቸው አወቀ በቆረጠው ቀርከሃ የአልጋውን ግራና ቀኝ አጥረነዋል፣ ታዲያ ምን ቀረኝ፣ ነርስ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ። ትላንት በዚሁ ሰዓት ነው እማማ ሸጋ ቀርከሃውን ተሻግረው የወደቁት። ቅንድባቸው ተሰፋ፣ ዳሌያቸውን ማርያም አተረፈችላቸው። ዛሬ ቢወድቁ ግን ዳሌው ይሄዳል፣ ያረጀ ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ ባለቤቱም ብዙ አይቆይ። ሲስተር ሰርክአዲስ፣ ሊነሱ ካሉ እጃቸውን ከአልጋው ጋር እሰሪ፣ አለኝ ዶክተሩ ጠዋት፣ ፋሻ በእጄ አስጨብጦኝ ሄደ። ፋሻው ኪሴ ውስጥ ነው። የሰው እናት እንደ ሌባ አላስርም። ከተነሱስ።

ጭጋጉ ከዘንገና ሐይቅ በኩል መጥቶ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ፣ መብራትም የለ፣ እንጅባራ በክረምት ምኗ ይታያል። የእማማ ሸጋ ዓይን ከበሩ አይነቀልም። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሽንት ነው ብዬ ነበር፣ አዛውንትን የሚያስነሳ ሽንት ነው፣ የተማርነው ይህንኑ ነው፣ ፖፖ አቅርቢ፣ ወለል አድርቂ፣ መብራት አብሪ። ስለ ኖር ያስተማረን የለም።

ኖር ነው የሚሉት። ትላንት ከወለሉ ሳነሳቸው እንኳ ደሙ አፋቸው እየገባ ኖር ይሉ ነበር። ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ነው የሚያወሩት፣ ይህቺን ብቻ በአማርኛ። ምሳ ላይ አወቀን ያዝኩት፣ ከሰል ሲያከስል አድሮ ጭስ ጭስ ይላል፣ እናትህ ማን ገባ ብለው ነው የሚነሱት፣ አልኩት። አንገቱን ደፋ። አያቴ ናቸዋ ሲስተር፣ ያባቴ እናት፣ ከቡሬ የመጡ ናቸው፣ አገውኛ አይሰሙም ነበር፣ እሳቸው ሲገቡ እናቴ ተቀምጣ አታውቅም። ታዲያ በእግዜር አይሏትም፣ አልኩት። አንድም ቀን፣ እኔን አርግዛ እንኳ ቆማ ነበር የምታመሸው አሉ። አሁን የት ናቸው። ኧረ ሲስተር፣ እኔ ልጅ ሆኜ አይደል እንዴ የሞቱት።

ክፉ አሮጊት። ዳንግላም ያደግነው እንዲሁ ነው፣ ለታላቅ ኖር ብለሽ ብድግ ትያለሽ፣ የገባው በእግዜር ይልሻል፣ ትቀመጫለሽ፣ አለቀ። በእግዜር ሳትባል መቀመጥ ነውር ነው። ያቺ ሴትዮ ግን ምራቷን አቁማት ሞተች።

በሩ ሲጥ ይላል። ነፋስ ነው።

እማማ ሸጋ ቀና ይላሉ፣ ብርድ ልብሱ ይወርዳል፣ እግራቸው ቀርከሃውን ይፈልጋል፣ ኖር። በእግዜር እማማ፣ አይነሱ፣ እላለሁ ትከሻቸውን ይዤ። ቀስ ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ ከእኔ ኋላ። አንቺን አላልኩሽም ልጄ፣ ዞር በይላቸው እንጂ፣ ቆመው የለ። አልዞርም፣ ምን አባቴ ልሁን፣ አልዞርም። ትላንት ማንኪያ ያቃተው እጅ ዛሬ እኔን ይገፋል፣ ጉልበታቸው ቀርከሃው ላይ ወጥቷል፣ አንድ እጄ ኪሴ ገብቶ ፋሻውን ነክቷል፣ እፈራለሁ፣ የምፈራው መውደቃቸውን ብቻ አይደለም።

መልሱ ከበሩ ነው መምጣት ያለበት።

ብለቃቸው ይወድቃሉ። ባልለቃቸው አስራቸዋለሁ። እለቃቸዋለሁ፣ ወደ በሩ እሮጣለሁ፣ እዚያው ዞሬ ጀርባዬን ለኮሪደሩ እሰጣለሁ፣ ማጅራቴን ይበርደኛል፣ አማት ለምራት ምን ትላለች፣ አንቺ ነዋ የምትለው፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ በእግዜር። በእግዜር አትነሽ ልጄ። ብዙ ቆምሽ፣ በቃሽ፣ ተቀመጪ።

እግራቸው ቀርከሃው ላይ ይቀራል። ያስባሉ። ይመልሱታል።

ጋደም ብለው ያለቅሳሉ፣ ድምፅ የለውም፣ ራሩልኝ ይላሉ፣ ዛሬስ ራሩልኝ። እኔም እንባዬ መጥቷል፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ ፋሻውን አውጥቼ መሳቢያው ውስጥ እወረውረዋለሁ፣ ዶክተሩ ይምጣና ይይ። ነገም እመልስላቸዋለሁ፣ ማታ ለምትገባው ነርስም እነግራታለሁ፣ ትሳቅ እንጂ።

ከአልጋው ጎን ካለው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን። እማማ ሸጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፣ ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

በሩ ሲጥ ይላል። ነፋስ ነው፣ ግን ነፋስ እርጥብ ጋቢ አይሸትም፣ ያቺ ሴትዮ፣ አይ፣ እሳቸው፣ በአፋቸው የተናገርኩባቸው፣ ሳይፈቅዱልኝ በስማቸው ተቀመጪ ያልኩባቸው፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ አያለሁ እኮ፣ ባዶ ነው፣ እግሬ ግን ቀድሞኛል፣ ዱካው ተገልብጧል፣ ኖር፣ ይላል አፌ።

በእግዜር የሚለኝ የለም። ልቀመጥ ብዬ አልቻልኩም፣ ቆሜያለሁ።