የጋሽ ግዛው ተራ

መስታወት ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የቀራት የሙዚቃ ቴራፒስትነት የመንግሥት ፈቃድ ነው። የፈቃዱን ፈተና ከወደቀች ቬርኒየ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ክራሯን ይዛ እንዳትመጣ ነግሯታል። ሕጉስ ክፋት የለበትም፤ ክራር የነካ ሁሉ አከምኩ ካለ ጣጣ ነው። ግን እዚያ ቤት ያሉትን ጋሽ ግዛውን ማን ያያቸዋል? ሌላው ባለሙያ በፈረንሳይኛ ነው የሚዘፍንላቸው። የሚያንገበግባት ይሄ ነበር።

ጋሽ ግዛው ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከአፋቸው ቃል ወጥቶ አያውቅም። ድሮ ግን ሰርግ ቤት ዘፈን ተቀባይ ነበሩ፤ እሳቸው ካልተቀበሉ የአውጪው ጉሮሮ ይደርቃል ይባል ነበር። መስታወትም በዚሁ ገባችላቸው። ግጥሙን ታወጣለች፣ «እሆ» የሚባልበትን ቦታ ለእሳቸው ትተዋለች። እስካሁን ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ፈተናው ዙሪክ ነው፤ ከምታክሚው ሰው ጋር ነይ ተባለች። በማለዳ ባቡር ይዛቸው ሄደች። እሳቸው መስኮቱን ሲያዩ፣ እሷ እሳቸውን ስታይ ደረሱ።

ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሚሪያም የምትባል ሴትዮና ሉቃስ የሚባል ሽበታም፣ የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ። መስታወት አንድ ግጥም አወጣችና ራሷ «እሆ» ብላ ተቀበለች። ሁለተኛውን አውጥታ ግን ጣቷን ከክራሩ አነሳችና ዝም አለች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ፈተና ላይ ግን ይነቅዛል። ሚሪያም ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገች። መስታወትን ልቧ «አንቺው ተቀበዪና ተገላገይ» ይላታል። ብትቀበል ፈተናው ያምርላታል፤ የጋሽ ግዛው ቦታ ግን ይወሰዳል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ምስኪን ሉቃስ አላስቻለውም። አሳዝናው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ «እሆ» አለ።

የጋሽ ግዛው ፊት ጠቆረ። ደህናው እጃቸው ከወንበሩ ተነሣና ሌባ ጣታቸው ሉቃስ ላይ ቀጥ አለ።

«ቆይ» አሉ።

የመስታወት እንባ ዱብ ዱብ አለ። ለመደበቅም አልሞከረች።

«ምን አሉ?» አለች ሚሪያም በፈረንሳይኛ።

«ቆይ ነው ያሉት። ተራው የሳቸው ነው።»

ሉቃስ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ደፋ። የተመደበው ጊዜ አልቆ ሰዓቱ ሲጮህ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፈታኝም ተፈታኝም፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ተደርድረው፣ ጋሽ ግዛው እስኪቀበሉ ጠበቁ።