ሰዓት የሌለው አረንጓዴ

ዬንሲ ትርፍ ነገር ስታይ ያንቃታል። ወንዝ ዳር ባለችው ኪብዶ ከተማ፣ አንድ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢሮ ውስጥ ድረ-ገጽ ሠሪ ናት። ሌላው ሠሪ፣ ሁሉ ነገር ተሞልቶ የሚመጣውን ትልቁን ፍሬምወርክ፣ ዝግጁ የገጽ መሥሪያውን አውርዶ ሲሠራ፣ እሷ ሁለት መቶ መስመር ኮድ እንኳ የማይሞላውን፣ ባዶ ሊባል የሚቀናውን መረጠች። «እኔ ያልጻፍኩት ነገር እኔ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» ትላለች። ደግሞም እውነቷን ነው፤ እስቲ ፍረዱ! የወንዝ ዳር ሰው ስልኩ አሮጌ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ የሚውል ነው። በትልቁ የተሠራው የድሮው ገጽ እስኪከፈት ሩዝ ይበስል ነበር። የእሷ ግን ጣት ሲነካው ይከፈታል። ኔትወርክ ቢጠፋም ስልኩ ላይ የቀረው ቅጂ ይከፈታል። አንድ ቀለም፣ አንድ ቃል። አረንጓዴ ከሆነ «ረግቷል»፣ ቀይ ከሆነ «ውጡ»። በቃ።

ያሳደገቻት አክስቷ ፉልቪያ በጀልባ ሦስት ሰዓት ወደ ታች፣ ቦካ ቪዬሃ በምትባል መንደር፣ በእንጨት ቋሚ ላይ በቆመች ቤት ትኖራለች። ዓሣና ሙዝ ጠብሳ ትሸጣለች። ስልኳን ለገዢው ሁሉ ታሳያለች፦ «አያችሁ? የኔ ልጅ የሠራችው ነው። እንደናንተ ወሬ አታበዛም!»

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ዊስተን ገጹን አይቶ ሳቀባት።

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ከቆየሽ ፊደሉንም ትቀንሺዋለሽ። ስሚ ግን፣ መቼ እንደታደሰ የሚናገረው መስመር የት ሄደ? በትልቁ ላይ እኮ ሳንጠይቀው ይመጣ ነበር።»

«አወጣሁት። ቀለሙ ይናገር የለ እንዴ?»

«ኔትወርክ ጠፍቶ የቆየውን ቢያሳይስ?»

«ሲመጣ ይታደሳላ! አንተ ደግሞ ጌጥ ካልጫንክ የሠራህ አይመስልህም።»

እሱም ስቆ ተወው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከወንዙ በላይ በኩል ያለው የውሃ መለኪያ ቁጥሩ ዘለለ። ዬንሲ ወዲያው ገጹን ቀይ አደረገችው። በራሷ ስልክ ከፈተችው፤ ቀይ። ወደ ፉልቪያ ደወለች፤ አይጠራም። «ቀዩን አይታ ጀልባ ላይ ወጥታለች ማለት ነው» አለችና ተነፈሰች። እንዲያውም በሥራዋ ኮራች፣ ምን ዋጋ አለው! የቦካ ቪዬሃ የኔትወርክ ማማ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሞቶ ነበር። ውሃው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው።

ሬሳው ተለቅሞ የተገኘው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ስምንት ሰው፣ ፉልቪያም አለችበት። የተረፉት ከፍ ያለው ኮረብታ ላይ ካለች ትምህርት ቤት ተጠልለዋል። ዬንሲ በሦስተኛው ቀን በጀልባ ስትደርስ ሴቶቹ ከሬሳ ሣጥኖቹ አጠገብ ተቀምጠው የሙታን ዜማቸውን እየተቀባበሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ፣ ዶን ሊቦሪዮ፣ አጠገባቸው አስቀመጧት። ገጹ ከመምጣቱ በፊት ወንዙ ሲሸታቸው ደውለው መንደሩን የሚያስወጡት እሳቸው ነበሩ።

«የዛን ዕለት ከምሳ በፊት ጭቃ ጭቃ ሸተተኝ፤ ገመዱን ያዝኩ» አሏት። «ፉልቪያ እየሮጠች መጣች። ‹አንቱ ሽማግሌ፣ ሰው ምን ያስበረግጋሉ? ይኸው አረንጓዴ ነው! ልጄ አትዋሽም› አለችኝ። አየሁት፤ እውነትም አረንጓዴ ነው። ገመዱን ለቀቅኩት።»

ዬንሲ አሁን ገባት። ያ አረንጓዴ የጠዋቱ ነበር፤ ማማው ሳይሞት ስልኩ ላይ የቀረ። አንዲት አጭር መስመር «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ብትል ኖሮ ሽማግሌው ገመዱን ባልለቀቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አባባ፣ ያቺ አረንጓዴ ያረጀች ነበረች። ሰዓቷን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እማን... አክስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። ውሃው ነው የቀደመሽ።» እጇን ደባበሱላት። ከዚያም ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ስልካቸውን አወጡና ዓይናቸውን አጥብበው ገጹን ከፈቱት። ማማው እስከዚያ ሰዓት አልተነሣም። ዬንሲ ደግሞ ከከተማ ስትወጣ ወንዙ እንደገና መሙላት ጀምሮ፣ ገጹን በቀይ ትታው ነው የመጣችው።

«ይኸው፣ ረግቷል ይላል» አሉ ዶን ሊቦሪዮ፤ ለመነሣት ዱላቸውን እየፈለጉ። «ወርጄ ከቤቴ የተረፈ ነገር ካለ ልየው።»

«አይመኑት! አባባ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ አይመኑት!»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«እንዴት አላምነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?»