ዘጠና ቀን ወደ ኋላ

ጌዚና ሃርምስ ባዶውን የእንስሳት ማጓጓዣ ሣጥን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ደወሉን ተጫነች። በሣጥኑ ውስጥ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል። ፎጣውን ያነጠፈችው ከዚህ ቤት የተደወለላትን ስልክ በዘጋች በአምስተኛው ደቂቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ፣ እስከዚህ በር ድረስ ባለው የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ ውሳኔዋን አንድ ጊዜም መልሳ አላየችውም።

በሩን የከፈተላት ሂንሪክ ላመርስ ነበር፤ አርባ ዓመት በኤምደን ወደብ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ሰው። ፊቷን ከማየቱ በፊት ሣጥኑን አየ።

«ሞይን፣ ወይዘሮ ሃርምስ። ይግቡ» አለ በአገሩ ሰላምታ፤ ነገር ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። «ሣጥን ይዘው መጡ።»

«ግልገሎቹ ስንት ናቸው?»

«ስድስት። ቴዳ ሰባት ናቸው ትላለች፤ እኔ ግን ስድስት ነው የቆጠርኩት።»

«ወንዱስ?»

«ላያቸው ላይ ተኝቷል። እንደ ዶሮ ነው ያቀፋቸው።»

ጌዚና ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሂንሪክ ከአሮጌ የልብስ ቁም ሣጥን የሠራው፣ ፊቱ በሽቦ መረብ የተሸፈነው የእንስሳቱ፣ የዴጉዎቹ፣ ቤት ወደ ቦዩ የሚያየውን መስኮት ተጠግቶ እስከ ኮርኒሱ ይደርሳል። ከጎኑ፣ ከፍ ባለ ወንበር ላይ፣ ሚስቱ ቴዳ ተቀምጣለች። ካቻምና ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከሰነፉ ወዲህ ቀኗን የምታሳልፈው እዚያው ነው። ምላሷ ግን አልሰነፈም።

«ፖሊስ መጣ?» አለች፣ ዓይኗን ከመረቡ ሳትነቅል።

«ቴዳ።»

«ምን አልኩ? ሻይ ቅዳላቸው እንጂ። ፖሊስም ይጠማዋል።»

ሂንሪክ በሲኒው ውስጥ አንድ ነጭ የስኳር አለት ጥሎ ትኩሱን ሻይ ሲያፈስበት ስኳሩ ጠጠጠ አለ፤ ከዚያም በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ክሬም በዳር በኩል አንጠባጠበበት። ጌዚና አመሰገነች፤ ከንፈሯንም ሳታስነካ ማንኪያውን ሲኒው ውስጥ አቆመችው። በዚያ አገር ማንኪያ በሲኒ ውስጥ ከቆመ ትርጉሙ «በቃኝ» ነው፤ ሳይቀመስ ከቆመ ግን ከዚያ የከፋ ነው። ሂንሪክ ማንኪያውን አየና በራዱን ቀስ ብሎ በቦታው መለሰ።

እሷ በመረቡ ፊት ተንበረከከች። ዴጉ ከአይጥ ከፍ የሚል፣ በጅራቱ ጫፍ ላይ ጥቁር ብሩሽ የመሰለ ጸጉር ያለው እንስሳ ነው፤ ብቻውን ከተተወ ይከሳል፣ የራሱን ጸጉር ይነጫል፤ ወንድና ሴት አብረው ከተተዉ ደግሞ ቤቱን ይሞላዋል። ከታችኛው ወለል ጥግ፣ በድርቆሽ ጎጆ ውስጥ፣ ኦኖ የተባለው ወንድ ጀርባውን አጉብጦ ተጋድሟል። ከሆዱ ሥር አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ጸጉር የለበሱ፣ ዓይናቸው የተገለጠ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። እናትየው ታልካ ጎኗ ላላ ብሎ ዝላለች። ሁለተኛዋ ሴት ሂማ ድርቆሽ በአፏ እየያዘች ወደ ጎጆው ታመላልሳለች።

«የአደራውን ውል አንቀጽ አራት ያስታውሱታል፣ አቶ ላመርስ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው።»

«ይበሉልኝ።»

ሂንሪክ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። «ማራባት ክልክል ነው። ግልገል የተወለደ እንደሆነ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ እንስሳቱ በሙሉ ላስረካቢዋ ይመለሳሉ።»

«ጎበዝ» አለች ቴዳ። «ቁጭ በል።»

አንቀጹን የጻፈችው ጌዚና ራሷ ነች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ የጥቅምት ማለዳ ወደ ሥራዋ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ልትሄድ በሯን ስትከፍት፣ ደረጃው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት አገኘች። በውስጡ ሠላሳ አንድ ዴጉዎች ነበሩ፤ አራቱ ሞተዋል። ከላይ በተጣለው ወረቀት ላይ «ሁለት እኅትማማቾች ብለው ነው የሸጡልን» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ የተጣሉ ዴጉዎች መጠለያ ሆነ። ወንዶቹን ታስኮላሻለች፣ ለሁሉም ተስማሚ ቤት ትፈልግላቸዋለች፣ ያለ ውልም አንዲት እንስሳ አትሰጥም። ውሉ የሚፈርሰው «አላወቅሁም» በሚል ቃል እንደሆነ በቅርጫቱ ተምራለች። «ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን» የሚለውን የጨመረችው ለዚህ ነበር።

«ኦኖ ተኮላሽቷል» አለች፣ እየተነሣች። «የተኮላሸ ወንድ አያስረግዝም። ስለዚህ ሌላ ወንድ እዚህ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ከየት እንዳመጣችሁት አልጠይቅም። አሁን የት እንዳለ ብቻ ንገሩኝ።»

«ሌላ ወንድ በዚህ ቤት አልገባም።»

«አለ እንጂ» አለች ቴዳ። «አንተ አለህ። ስለ እሱ ግን አይስጉ፣ ወይዘሮ ሃርምስ፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ አያሰጋም።»

ጌዚና አልሳቀችም። «የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያደረ እንስሳ፣ ምንም?»

«እምልልዎታለሁ» አለ ሂንሪክ። «እርስዎ ከሰጡን ከሦስቱ በቀር አንድም የለም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።»

ከውጭ፣ ከቦዩ በኩል፣ የአንዲት ጀልባ ሞተር ቀርቦ ራቀ። ጌዚና ሣጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን አነሣች። ሂንሪክ ፎጣውን አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። የቴዳ ግራ እጅ ግን ከጭኗ ተነሥቶ በመረቡ በር መቀርቀሪያ ላይ አረፈ።

«የምታጠባ እናት ሊያንገላቱ ነው?»

«በመኪናው ውስጥ ሙቀት አለ። ለሃያ ደቂቃ ነው።»

«እኔስ?» አለች ቴዳ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ሐኪሙ ይህን የግራ እጅ ካላሠራሽው እሱም ይሰንፋል ብሎኛል። ድርቆሽ እየነጠልኩ ነው የማሠራው። በቀን ሦስት ጊዜ። ሂንሪክ መጀመሪያ የጎማ ኳስ ገዝቶልኝ ነበር። ጎማ አይራብም፣ ወይዘሮ ሃርምስ። ካልጨመቅሁት አይጮኽብኝም።»

ጌዚና እንደ ልማዷ ወደ አንቀጹ ተመለሰች። «ውሉ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«ስንት ቀን ነው የሚያረግዙት?»

«ዘጠና። አንድ ሁለት ቀን ቢያንስ ወይም ቢበዛ።»

ቴዳ ዓይኗን ጨፈነች። ሠላሳ ዓመት በወደቡ የመቆጣጠሪያ ቢሮ የመርከቦችን መድረሻ ስታሰላ የኖረች ሴት ናት፤ ቀንን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያለ ወረቀት ትቆጥራለች። «ዛሬ ጁላይ አሥራ አምስት ነው። የተወለዱት ዛሬ ከንጋት በፊት ነው፤ ሰምቻቸዋለሁ፣ እንደ ወፍ ነው የሚያፏጩት። ጁላይ አሥራ አምስት፣ ጁን ሠላሳ፣ ሜይ ሠላሳ አንድ። ሰባ ስድስት። አሥራ አራት ከኤፕሪል።» ዓይኗን ገለጠች። «ኤፕሪል አሥራ ስድስት። ኦኖን ያመጡልን መቼ ነበር?»

«ኤፕሪል አሥራ አምስት» አለ ሂንሪክ ከመስኮቱ።

«እንግዲህ በማግሥቱ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ከየት ይመጣል? እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ገና ሳይቀዘቅዝ?»

«አይሆንም» አለች ጌዚና። «ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም በሰውነቱ የቀረው ዘር እስኪያልቅ ስድስት ሳምንት ከሴት ይለያል። የተኮላሸው ማርች ሦስት ነው። ስድስት ሳምንቱ ኤፕሪል አሥራ አራት ሞልቷል። በካርዱ ላይ አለ።»

ሂንሪክና ቴዳ ተያዩ።

«አምጣው» አለች ቴዳ።

«ቴዳ፣ ምን ያደርጋል...»

«አምጣው አልኩህ። በኤፕሪል አልደፈርክም፤ አሁን ድፈር።»

ሂንሪክ ከመደርደሪያው አንድ ሰማያዊ ፋይል አወረደ። በጀርባው «ዴጉ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ከፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ሁለት ወረቀት አወጣና ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አንደኛው የጌዚና ካርድ ነው፤ ቀጥ ባለው የእጅ ጽሑፏ «ኦኖ፣ ወንድ፣ የተኮላሸው ማርች 3» ይላል። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪሙ ደረሰኝ ነው። ሂንሪክ ወፍራም ጣቱን ከቀኑ በታች አሳረፈ። ማርች 17።

ጌዚና ጎንበስ ብላ አነበበች። ደግማም አነበበች፤ ከዚያ ቀን እስከ ኤፕሪል አሥራ አምስት ስድስት ሳምንት አይሞላም።

ማስነጠሱ ትዝ አላት። ማርች ሦስት ሦስት ወንዶች ወስዳ ነበር፤ ሐኪሙ የኦኖን ደረት አዳምጦ፣ የሚያስነጥሰው ሲሻለው ይመለስ፣ ማደንዘዣውን አይችለውም አለ። በሁለት ሳምንቱ ራሷ ወሰደችው፣ ራሷም አመጣችው። ካርዶቹን ግን ሁልጊዜ የምትሞላው በዋዜማው ነው። ቀለሙ እንዲደርቅ፣ በሥራ ጥድፊያ እንዳትሳሳት፣ ከመሄዷ በፊት ሁሉንም በአንድ እስክሪብቶ ጽፋ ትጨርሳለች። ደረሰኙን ሳታነብ ከውሉ ጋር አያይዛ ሰጥታለች።

«ይህን አይተውታል?» አለች።

«በኤፕሪል አየሁት» አለ ሂንሪክ። «ለቴዳ አሳየኋት። ጠይቃቸው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

ሂንሪክ የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ። «እርስዎ ያን ዕለት ድርቆሼን አንሥተው አሸተቱና “ይህ የዓምና ነው” አሉኝ። ከዚያ የመረቡን ቀዳዳ በማስመሪያ ለኩ። እኔ እንግዲህ... እንደዚህ ያለ ሰው ቀን ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ።»

«አርባ ዓመት ክሬን አንቀሳቅሷል» አለች ቴዳ። «አለቃ ሲያይ እስከ ዛሬ ኮፍያውን ያወልቃል።»

ጌዚና ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ሣጥኑ በእግሯ አጠገብ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንቀጽ አራት አልተለወጠም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይላል፤ ማንም ቢሳሳት፣ አስረካቢዋ ራሷ እንኳ ብትሳሳት፣ እንስሳቱ ይመለሳሉ ይላል። ብትወስዳቸው ውሉን ጠብቃለች። ማንም አይወቅሳትም።

«እንግዲህ» አለች ቴዳ፤ አሁን ቀልዱ ከድምፅዋ ወጥቷል፣ እጇም ከመቀርቀሪያው አልተነሣም። «ወይ ሣጥኑን ይሙሉት፣ ወይ ይዝጉት። ተከፍቶ አይደር።»

ጌዚና ጎንበስ ብላ ክዳኑን ዘጋችው። መቆለፊያው ቀጭ አለ።

ከዚያ ከቦርሳዋ የራሷን የውል ቅጂ አወጣች። ከገጹ ግርጌ «በተቀባዩ የተጣሰ አንቀጽ» የሚል መስመር አለ። «በተቀባዩ» የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዛ ከላዩ «በአስረካቢዋ» ብላ ጻፈች፤ ቁጥር አራትን ሞላች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ፈረመችና ወረቀቱን ለሂንሪክ አሳለፈች።

«ኦኖ ከእነርሱ ጋር ይቆይ» አለች። «አሁን ዘሩ አልቋል፤ ታልካን ዳግመኛ አያስረግዛትም። ግልገሎቹ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው እመጣና ወንድ ከሴት እለያቸዋለሁ። ወንዶቹን ወስጄ አስኮላሻለሁ። ቀኑን...» ቆም አለች። «ቀኑን እርስዎ ይጻፉት፣ ወይዘሮ ላመርስ።»

«እጽፈዋለሁ። በግራ እጄ ስለሆነ ጽሑፉ ያስቃል፤ ቀኑ ግን ትክክል ይሆናል።»

በዚህ መካከል ኦኖ ከጎጆው ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ሂንሪክ በመረቡ በኩል አጮልቆ በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞም ቆጠረ።

«ሰባት ናቸው» አለ በዝግታ።

«አላልኩህም?»

ጌዚና ግን ግልገሎቹን አላየችም። በዓይኗ የመጣባት ዓምና በመኸር፣ ሌር ከተማ ውስጥ፣ አንድ የፎቅ ደረጃ ነበር። ማይከ ታመን የምትባል የአውቶቡስ ሾፌር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እዚያ ቆማ፣ «ያለኝ ወንድ እርስዎ ራስዎ የሰጡኝ ብቻ ነው» እያለች ትከተላት ነበር፤ ጌዚናም ሦስት ዴጉዎችና አምስት ግልገሎች የያዘ ሣጥን ተሸክማ ስትወርድ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» ብላት ነበር። እነዚያ እንስሳት አሁን ኦልደንቡርግ ውስጥ በሌላ ሰው ቤት ይኖራሉ። የዚያም ወንድ ካርድ በዋዜማ የተጻፈ ነው።

ምናልባት ቀኑ ትክክል ነበር። መዝገቡ እቤቷ ነው፤ ሄዳ ማየት ትችላለች። መጀመሪያ አይታ፣ አረጋግጣ፣ ከዚያ መደወሉ ሥርዓት ያለው አካሄድ ይሆናል። ነገር ግን ራሷን ታውቃለች፤ መዝገቡን ከፍታ ከተቀመጠች ላለመደወል የሚበቃ አንድ ነገር ሳታገኝ አትነሣም።

«ሌላም ሰው አለ፣ አይደል?» አለች ቴዳ። ይህን ጊዜ በጣም በቀስታ ነበር የተናገረችው።

ጌዚና ማንኪያውን ከሲኒው አወጣችና ከማስቀመጫው ላይ አሳረፈችው። ሂንሪክ በራዱን አነሣ፤ የቀዘቀዘውን ደፍቶ አዲስ ስኳር ጣለ።

«ከዚህ ብደውል ይከብዳችኋል?»

«እኛ አንሰማም» አለች ቴዳ። «እሱ ጆሮው ደክሟል፤ እኔ ድርቆሽ አለብኝ።»

ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ «ታመን፣ አንቀጽ 4» በሚል ስም ተቀምጧል። ተጫነችው። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ በአራተኛው ተነሣ፤ ከጀርባ የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«ጌዚና ሃርምስ ነኝ» አለች። «እባክዎ አይዝጉት።»