ከጋቢው ሥር የገባው ዳቦ

እናኑ ያስሚንን የጠመደቻት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ምን አድርጋት? ምንም! ቅናት እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ሳይነካን ሆዳችንን ያነድደዋል፣ ከዚያ ደግሞ እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው ብለን እንምላለን።

ጎንደር ላይ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ አንዲት አነስተኛ ሆስፒታል አለች፤ ስሟን ተዉት። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲገባ፣ ያስሚን ዐብዱልከሪም የምትባል ነርስ እዚያ ተቀጠረች። አባቷ የጎንደር ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በደርግ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ካርቱም ሲገባ እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያው አደገች፣ እዚያው ነርስነት ተማረች፣ አምስት ዓመትም ሠራች። አባቷ ፒያሳ ላይ ሱቁን መልሶ ሲከፍት ተከትላው መጣች። አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ የተማረችው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ግን የሕመምተኛና የገበያ ወሬ ያልነካካው።

ሆስፒታሏ ደንብ ነበራት። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነርስ ሦስት ወር ከነባር ነርስ ጋር ይሠራል። ነባሩ የቤቱን አሠራር፣ የሕመምተኛውን ጠባይ፣ የአገሩን ወግ ያሳየዋል፤ በመጨረሻ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ፊርማው ከሌለ ቋሚ ቅጥር የለም። የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ወለተሩፋኤል እናኑን ቢሯቸው ጠሩና «የወንዶችን ክፍል ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይቺን ልጅ አደራ ሰጥቼሻለሁ» አሏት።

እናኑ «እሺ» አለች። ምን ትበል? አሥራ ሰባት ዓመት በዚያ ክፍል ቆማለች። የክፍሉ ኃላፊ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥታ ቦታው ክፍት ነበር፤ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «የእናኑ ነው» ይል ነበር። ያስሚን ከገባች ወዲህ ግን ወሬው ተቀየረ። «ውጭ የተማረች መጥታ የለ እንዴ?» ይባባሉ ጀመር፣ እናኑ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ።

ደግሞ ሌላ ቁስል አለባት። ሥራ በያዘች በዓመቷ ቡልጋሪያ ሄደሽ ትማሪያለሽ ተብላ ነበር። ሻንጣ ገዛች፣ ዘመድ አዝማድ ተሰናበተች። በሳምንቱ የእሷ ስም ተሰርዞ የሌላ ሰው ስም ገባ። ለምን ቢሉ የሚመልስ አልነበረም። ሻንጣው እስካሁን ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ክፍል፣ አልጋዋ ሥር አለ፤ ብርድ ልብስ ታስቀምጥበታለች። ያስሚን «ካርቱም እያለሁ» ባለች ቁጥር ያ ሻንጣ ደረቷ ላይ የሚጫንባት ይመስላታል።

ያስሚን ደግሞ እጇ መልካም ነው፣ ምን ይደረግ! መርፌዋ አያምም። እናኑ ሦስቴ ወግታ ያጣችውን ደም ሥር እሷ ባንዴ ታገኘዋለች። ዶክተሩ ዙር ሲያደርግ ከእሷ ጋር በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል። አንድ ቀን አንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ እናኑ መርፌ ይዛ ስትቀርበው እጁን ወደ ኋላ ሸሽጎ «ያቺ ነጭ ሻሽ ያሰረችው ልጅ ትውጋኝ» አላት። እናኑ ፈገግ ብላ መርፌውን ለያስሚን አሳለፈች። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ እጇን እስኪቀላ ድረስ ታጠበች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ በደንብ አስተምራታለች። ኩራት ነው፤ ሥራዋን አታበላሽም። «ከደጋ የመጣ ሰው አመመኝ አይልሽም፤ ቅንድቡን እዪ።» «አልጋ ሥር ጠርሙስ ካገኘሽ ጠበል ነው፤ እንዳትደፊው።» «ረቡዕና ዓርብ የስኳር መርፌ ከመውጋትሽ በፊት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ጠይቂ፤ ዶክተሩ መጠኑን ይቀንሳል፣ ሰዓቱንም ያሸጋሽጋል።» የገና ጾም ሲመጣም ነግራታለች። ያስሚን ሁሉንም በኪሷ በያዘቻት ሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች፤ ከዚያ ቀና ብላ «ሌላ የምትነግሪኝ አለ፣ እትዬ?» ትላለች። እትዬ! የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ ስትላት እናኑ ቆሽቷ አረረ። አስረጀችኝ ማለት ነው፣ አለች በሆዷ።

ጥር ሃያ ሦስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሲስተር ወለተሩፋኤል ኮሪደር ላይ አስቆሟት። «ዓርብ አስተዳደሩ ተሰብስቦ የክፍሉን ኃላፊ ይመርጣል። ያንቺም የያስሚንም ስም ቀርቧል፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ! ያስተማርኳት ልጅ! እናኑ እንዲሁ እየነደደች ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ያስሚን ደብተሯን ይዛ ትጠብቃታለች። በማግሥቱ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ግን ደገኛ ሽማግሌ ሌላውን ቢተው እሱን አይተውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። ያስሚን ይህን ከየት ታውቃለች? ጥምቀት ካለፈ እስከ ሑዳዴ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የለም ብላ ተቀምጣለች። እናኑ ግን ታውቃለች፤ ራሷም ጿሚ ናት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ሌላ የምትነግሪኝ አለ፣ እትዬ?»

«የለም» አለች እናኑ። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ፋሲካ ሻይና ዳቦ አደለች። አራተኛው አልጋ ላይ አያ ቢያዝን አሉ፤ የዳባት ገበሬ፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ቅዳሜ የገቡ። አስታማሚ ልጃቸው ስንቅ ሊያመጣ አገር ቤት ወርዷል። ያስሚን መርፌዋን ይዛ መጣች። «ቁርስዎን ይበላሉ አይደል፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎደለብኝ» አሉ አያ ቢያዝን፣ ዳቦውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። በጾም ቀን አይዋሹም፤ በልቻለሁም አላሉ፣ እበላለሁም አላሉ። የሰው እጅ መመለስም ነውር ነው። ያስሚን ዳቦውን አየች፣ መርፌውን ወጋች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

እናኑ ስድስተኛው አልጋ ጋ ቁስል እየጠረገች ነበር። አያ ቢያዝን ግራ ቀኝ አዩና ዳቦዋን ቀስ አድርገው ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጧት። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ከእናኑ ዐይን ጋር ግጥም አለ። እናኑ ምን አደረገች መሰላችሁ? ፊቷን ዞር አደረገች።

ትንሽ ያልበው ይሆናል፣ አለች በሆዷ። ስኳር ይሰጠዋል፣ ይድናል። ግን መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ዓርብ ይነበባል። ካርቱም ያስተማረቻትን እናያለና! ደግሞ ወዲያው ሂጂ ንገሪ የሚል ነገር ወገቧን ይጎትታት ነበር። አንዴ ተነሥታ መንገድ ጀምራለች። ያን ጊዜ ዶክተሩ ከያስሚን ጋር ሲስቅ ሰማችና ተመልሳ ተቀመጠች።

አምስት ሰዓት ላይ አጠገባቸው የተኛው ሰው ጮኸ። አያ ቢያዝን ላብ አጥምቋቸው፣ ዐይናቸው ተገልብጦ፣ አፋቸው ይንቀጠቀጣል። እናኑ መቼ እንደሮጠች አታውቅም። ግሉኮሱን ይዛ እጃቸው ላይ ተደፋች፤ ደም ሥሩ የለም፣ ጠፍቷል። አንዴ ወጋች፣ ሳተች። ደገመች፣ ሳተች። «ስጪኝ፣ እትዬ!» አለች ያስሚን፤ ተቀብላ ባንዴ አገኘችው። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ሰውየው በሞትና በሕይወት መካከል እያለ፣ እናኑ ቀናች። ኋላ ስታስበው ከሁሉ የሚያሳፍራት ይኸው ነው።

አያ ቢያዝን ነቁ። ሲስተር ወለተሩፋኤል ሁለቱን ቢሯቸው አቁመው በሩን ዘጉ።

«እናኑ፣ ነነዌ መግባቱን ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።» አፈትልኮ ወጣ። እሷም ደነገጠች፤ ግን ወጣ።

ያስሚን ቀና ብላ አየቻት። እጇ ኪሷ ውስጥ ደብተሯ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ነነዌ የሚል ቃል እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ደብተሩን ሳታወጣ «ነግራኛለች። የዘነጋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲህ ቅጽሽ ላይ ይሰፍራል» አሉ ሲስተር ወለተሩፋኤል ከፍቷቸው። «መቀጠር አለመቀጠርሽን ዓርብ አስተዳደሩ ይወስናል።»

ኮሪደሩ ላይ እናኑ ክንዷን ያዘቻት። «ምነው? ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እትዬ፣ እዚህ አገር ያስተማረችኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች ያስሚን። ዐይኗ እንባ ሞልቷል። «ሥራ በዝቶብሽ ረስተሽዋል፤ ደንግጠሽ ነው እንጂ እንዲህ አትይም ነበር። ሰው አይረሳም እንዴ?»

እናኑ ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት አልፎም እህል አልቀመሰችም። አላሰኛትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ አያ ቢያዝን አልጋ ጋ ቆመዋል፤ ያስሚን ሙቀት ትለካለች፣ እናኑ አንሶላ ታስተካክላለች። ሽማግሌው ደህና ሆነዋል፤ ወሬ አምሯቸዋል። እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው የእናኑን እጅ ያዙና ሳሙት።

«ይቺ ልጅ ሸጋ ሰው ናት» አሉ ለያስሚን። «ትናንት ዳቦዋን ስሸሽግ አየችኝ። ዐይን ለዐይን ተጋጠምን! ልትጮህብኝ ነው፣ ጾሜን ልታስፈታኝ ነው ብዬ ነፍሴ ወጥታ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ዞር አደረገችልኝ። አየሽ ደግነት! እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ።»

ያስሚን ቴርሞሜትሩን ከብብታቸው አወጣች፣ ወደ ብርሃኑ አንሥታ አነበበች፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ትኩሳት የለዎትም፣ አባቴ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ አምስተኛው አልጋ ሄደች። እናኑን ዞር ብላ አላየቻትም። ምነው በጮኸችባት! ምነው በሰደበቻት! እናኑ እጇ በሽማግሌው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ የምትገባበት ጉድጓድ አጣች።

እስከ ምሳ ታገሠች እንጂ ከዚያ አላለፈችም። ሲስተር ወለተሩፋኤል ቢሮ ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገረች። እሑድ «የለም» ማለቷን፣ ሰኞ ዳቦው ሲሸሸግ ማየቷን፣ መዋሸቷን። ለምን ብለው ሲጠይቋት «ቀንቼ» አለች። ከዚያ ቅጹን ከኪሷ አውጥታ፣ ያስሚን በሙያዋ ብቁ ናት በሚለው ሥር ፈረመችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሲስተር ወለተሩፋኤል መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዐይናቸውን አሹ። «ሰው ገድለሽ ነበር እኮ፣ እናኑ» አሏት። የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣች፤ ከባድ ማስጠንቀቂያም ተጻፈባት። ዓርብ ያስሚን በቋሚነት ተቀጠረች። ኃላፊነቱ ግን ለሁለቱም አልደረሰም፤ ከቀዶ ጥገና ክፍል ዋኘው የሚባል ነርስ መጥቶ ተሾመ። እናኑ ይህን ስትሰማ መሳቅ አማራት፣ አልሳቀችም።

ሑዳዴ ሊገባ ሲል፣ እሑድ ከሰዓት፣ እናኑ የዓመቱን ጾም ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ በወረቀት ጽፋ ወደ ያስሚን ሄደች። ሦስት ማታ ፈጅቶባታል። «ያስሚን፣ የምነግርሽ አለ» አለቻት።

ያስሚን ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። «አመሰግናለሁ፣ ሲስተር እናኑ። ደክመዋል» አለች። ትሕትናዋ አልጎደለም። እርስዎ አለቻት። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ቀና ብላ ሌላ አለ ብላ ግን አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት የወጥ ቤቷ ፋሲካ ሻይና ዳቦዋን አድላ ስትጨርስ ያስሚን በሩ ላይ ጠበቀቻት፤ ሰማያዊው ደብተር ተከፍቷል።

«እትዬ ፋሲካ» አለቻት፣ «ዛሬ ዳቦውን ተቀብለው ያልበሉ እነማን ናቸው?»

ፋሲካ ትሪዋን መሬት አስቀምጣ፣ ደስ ብሏት፣ በጣቷ እየጠቆመች አንድ በአንድ ትነግራት ጀመር። እናኑ ስድስተኛው አልጋ ጋ ፋሻ እየጠቀለለች ሰማቻቸው። ያቺ የድሮዋ እሳት ሆዷ ውስጥ ቦግ አለች። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራች ነርስ በወጥ ቤት ሠራተኛ ቀናች፤ በአንዲት «እትዬ» ቀናች።