የተሾመች ጄሪካኖች

«ወዴት ነው ወልዴ? ሐዘንተኛ አይደለህም እንዴ?» አለች ጎረቤቱ ሀውራ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ክንዱን ይዛ።

«ጄሪካን ፍለጋ።»

ለቅሶ ደራሹ እርስ በርሱ ተያየ። የወልዴ ሚስት ተሾመች ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሰውየው ደግሞ እስካሁን ውሃ እንኳ አምጡልኝ ብሎ አያውቅም።

የተሾመች ታላቅ እህት እትዬ አሰገደች የሚኖሩት ከሐይቁ ማዶ ነው። ጉልበታቸው ዙሪያውን አላስኬድ ብሏቸው ቀብሩ አመለጣቸው። ጠዋት ደውለው «ሠልስቷም ሊያልፈኝ ነው?» ብለው አለቀሱ። ያለው መላ የወልዴ የቆርቆሮ ጀልባ ነው። ጀልባዋ ላይ ግን ባለፈው ወር ወልዴና አናጢው ወዳጁ ዑበይዱላህ ወፍራም ወለልና መደገፊያ ያለው ወንበር ገጥመውባት ክብደቷ ጨምሯል። ውሃ ቢገባባት እንዳትሰጥም ውስጧ ሊታሰሩ የተዘጋጁትን ስድስት ባዶ ጄሪካኖች ደግሞ ሴቶቹ ለለቅሶው ውሃ መቅጃ አድርገዋቸዋል።

«ለአንድ ጉዞ ያለ ጄሪካን ብትሄድስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ተሾመች ብትሰማ ጉድ ታፈላብኛለች» አለ ወልዴ። ዑበይዱላህ ሳቁ አመለጠው፤ ነገሩን ያውቃላ።

ወልዴና ተሾመች ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ነው። ወልዴ ጀልባዋን በጣውላ አሳምሮ ሊያሳያት ሲቀዝፍ፣ ተሾመች ዳር ላይ ሳፋ ይዛ ጠበቀችው። ቃል ሳትተነፍስ ውሃ እየቀዳች ጀልባዋ ውስጥ ትገለብጥ ጀመር። «ሴትዮ፣ አበድሽ?» እያለ ሲጮህ፣ ጀልባዋ እሱን እንደያዘች ሰጥማ ቁጭ አለች።

«እኔ የሞላሁልህ ዳር ላይ ነው» አለችው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እንዳለ፤ «ማዕበሉ መሃል ላይ ቢሞላልህስ?» ከዚያ እሷም በቀሚሷ ገባችና ሲረጫጩ ዋሉ። በማግስቱ ጄሪካን ታሰረ። አዲሱም ወንበር ለወገቧ ተብሎ የተሠራ ነበር። አንድም ቀን ሳትቀመጥበት ሞተች።

አምስቱ ጄሪካኖች ቶሎ ተገኙ። ስድስተኛው ሀውራ ለለቅሶው የጠመቀችው ቀሪቦ ሞልቶበታል።

«እንግዲህ ጠጡ!» አለች ሀውራ ኩባያ እያደለች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ጠጣ። ሽማግሌው ሦስተኛውን ሲጨልጡ «ለተሾመች ስል ነው» አሉ።

ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዑበይዱላህ ክዳኖቹን አጥብቆ፣ ጀልባዋ ውስጥ ሦስቱን ከፊት ሦስቱን ከኋላ፣ ውሃ ሲገባ ፈንቅለው እንዳይወጡ በገመድ ጠፈራቸው።

«አሁን ውሃ ሙሉባት» አለ ወልዴ ገብቶ እየተቀመጠ።

ለቅሶ ደራሹ በሳፋ፣ በጆግ፣ በኩባያ ሞላባት። ጀልባዋ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፤ ከንፈሯ ውሃውን ሊነካ ሲል ቆመች። ሽማግሌው አንድ ኩባያ ጨመሩባት። ንቅንቅ አላለችም።

«ወላሂ አልሰጥም አለች!» አለ ዑበይዱላህ። ሀውራ እልልታ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልተቆጣትም፤ ወልዴ ራሱ ወገቡ ድረስ ርሶ ይስቅ ነበር።

ውሃው ተጨልፎ ሲያልቅ ብቻውን ቀዝፎ ማዶ ተሻገረ። እትዬ አሰገደች ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን አስደገፉ፣ «እሰይ፣ ወንበር ነው እንጂ!» አሉ። የቀሪቦውን ሲያወራላቸው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሐይቁ መሃል ሲደርሱ እትዬ አሰገደች ጀልባዋ ዘመም ማለቷን አዩ።

«ወልዴ፣ ምነው ወደ ግራ ተጠጋህ?»

ወልዴ የተቀመጠበትን ተመለከተ። መቅዘፊያውን አቆመ።

«ዱሮ ተሾመች በቀኝ፣ እኔ በግራ ነበር የምንቀመጠው» አለ።

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ የወንበሩን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ።