የማያስነጥሰው ባል

መርፌው ጨርቁ መሃል ተሰበረ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ሬዲዮውን አፍጥጣ አየችው። ሃያሲው ስለ ግጥም መጽሐፏ ማውራቱን አላቆመም።

«ልብሱ ጥሩ ተሰፍቷል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። ገጣሚዋ ሟች ባለቤቷን ሐውልት አድርጋ አቁማዋለች። መጽሐፉ እስኪያልቅ ሰውየው አንዴ እንኳ አያስነጥስም!»

ጋዜጠኛው ሳቀ።

አማቷ ቁልፍ ከሚተክሉበት ሸሚዝ ቀና አሉ። «ማነው ይሄ አፉን የከፈተው?»

«ይተዉት እማማ።»

«እንዴት ልተወው? እኔ ሐውልት ነው የወለድኩት?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ጎንበስ አለች። ግጥሞቹን የጻፈችው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ እዚሁ ወንበር ላይ ነው። እሱን የሚያሳንስ የመሰላትን ሁሉ እያወጣች ጥላለች። ያ እንከን የሌለው ሰው ብቻ ነበር የተረፋት፤ ዛሬ በእሱም ተሳቀበት። «ሁለተኛ ብዕር ብይዝ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል» አለች በሆዷ፣ ስባሪውን መርፌ እየፈታች።

ቀና ስትል አማቷ ስልክ ይዘዋል። አድማጮች የሚደውሉበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

«ሃሎ! እናቱ ነኝ!» ድምፃቸው ከክፍሉም ከሬዲዮውም ወጣ።

«የማን እናት?» አለ ጋዜጠኛው። «ሬዲዮውንም ይቀንሱልን።»

«የሐውልቱ እናት! ሬዲዮውን አልቀንስም፤ ይሰማኝ! ስማ አንተ ሃያሲ፣ ልጄ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። ካርታ ስንጫወት እኔን እናቱን ያጭበረብራል። አንድ ቀን ይቺ ምስኪን የሰው ሱሪ እንዲተኩስላት ብትሰጠው፣ አንዱን እግር አቃጠለና ሌላውንም እንዲመሳሰል ብሎ አቃጠለው! የትኛው ሐውልት ነው እንዲህ የሚያደርግ?»



«እናቴ» አለ ሃያሲው፣ ድምፁ ለስልሶ፣ «እኔ እኮ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይሄንን ሰው ነው።»

አማትየው አፋቸውን ያዙ። ሌባ ሊያባርሩ ወጥተው በሩን ከፍተውለት የተመለሱ መሰላቸው። «ምን አደረግኩሽ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ።

የልብስ ሰፊዋ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ስታለቅስ መስሏቸው ሊነሱ ሲሉ ፊቷን አዩት፤ ትስቃለች። የሱሪውን ነገር ጭራሽ ረስታው ነበር። አሁን የጭሱ ሽታ ሳይቀር መጣባት፤ እሱም ካውያውን እንደያዘ፣ ኩራት ኩራት እያለው፣ «በቃ፣ እኩል ሆነ» ሲላት።

«ገጣሚዋ አጠገብዎ ካለች...» አለ ጋዜጠኛው።

አማቷ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «የለችም ልበል? ገበያ ሄዳለች ልበላቸው?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እናታችን ያሉት ሁሉ እውነት ነው» አለች። «ሱሪው ግን የማን እንደነበረ አልነገሯችሁም፤ እሱን በሚቀጥለው ግጥሜ ታነቡታላችሁ።»