ቢጫ ቅጠል አይነካም

ተክል በሚለማበት የመስታወት ቤት ውስጥ አትክልተኛውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «መቀስ» ነበር የሚለው። ቢጫ ቅጠል ካየ እጁ አያርፍማ! አንዲት የገረጣች ቅጠል ከታየች ለእሱ እንደ አደባባይ ነውር ናት። ለዚሁ ልማዱ ዘመኑን ሙሉ ሲመሰገን ኖሮ፣ እህቱ ኃላፊ ሆና በመጣች ማግስት ወንጀል ሆነበት።

እህቱ የተክል ተመራማሪ ናት። አዝሎ ያሳደጋት፣ እሷ ትማር ብሎ እሱ ከአምስተኛ ክፍል የወጣላት ታናሹ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ አፈር ሲምስ እሷ ዶክተር ተባለች። አንድ ቀን እንኳ «ጋሼ፣ እዚህ የደረስኩት ባንተ ነው» ብላው አታውቅም።

በመጣች በዓመቱ አንድ ቀን ጠዋት ባቄላው ተርታ ፊት አስቆመችው። ሁለት ረዳቶቿ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ቢጫ ቅጠል አይነካም አላልኩህም?»

«ያረጀ ነገር ምን ይሠራልሻል?»

«አላረጀም! ስንቴ ልንገርህ? እርጅና እያለቁ፣ እየተበላሹ መሄድ ነው። ይሄ ግን ዕድገት ነው። ቅጠሉ እንዲገረጣ የሚያዘው ተክሉ ራሱ ነው፤ እንደ ማበብ፣ እንደ ማፍራት አንድ ደረጃው ነው። ቅጠሉ ያለውን ሁሉ እየፈታ ለፍሬው ይልካል።»

«እኔም አደግኩ በይኛ!» አለ ሽበቱን እያሻሸ።

አንዱ ረዳት ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለት እሸት ቆርጣ መዳፉ ላይ ፈለቀቀችለት። እጁ ካልደረሰበት ተርታ የመጣው ፍሬ ድብልብል ብሏል፤ እሱ ካራገፈው የመጣው ጭምድድ ብሎ ቆዳውን እንኳ አልሞላም።

«አየኸው? የዓመት ጥናት ገደል ከተትክ። ወይ እጅህን ሰብስብ፣ ወይ ሥራውን ልቀቅ።»

አየው። ውሸት ነው እንዳይል ፍሬው መዳፉ ላይ ነው። ገባው፤ መግባቱ ግን ንዴቱን ባሰበት።

«ዕድገቱ ለፍሬው ነዋ!» አለ። «ለቅጠሉማ ሞት ነው። አጥግቦ መርገፍ! ይሄንን ዕድገት የሚለው ቅጠል ሆኖ የማያውቅ ነው።»

«እኔ ስለ ባቄላ ነው የማወራው።»

«እኔስ? ስላንቺ መሰለሽ?»

ፊቷ ቀላ። «ትምህርት ተውልኝ ብዬ ለምኜሃለሁ? ንገረኝ፤ ማን ተው አለህ?»

ይህን በባዕድ ፊት አለችው። መቀስ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል እጁን ወዳልተነካው ተርታ ሰደደና አንድ ቢጫ ቅጠል ቀጭ አደረገ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጇን ዘረጋች።

«የበሩን ቁልፍ አምጣ። በቃ፣ ሥራህ እዚህ ላይ አበቃ።»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እጇ ላይ ግን አላኖረውም፤ አጠገቡ ካለው ማሰሮ እርጥብ አፈር ውስጥ በአውራ ጣቱ እስኪሰወር ጠቀጠቀው።

«ይኸው ዘራሁልሽ። ሲያፈራ ልቀሚው።»

ወጥቶ መስታወቱ ማዶ ቆመ። ረዳቶቿ ከጫማቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። እህቱ የነጭ ጋዋኗን እጅጌ ሰብስባ አፈሩን መማስ ጀመረች። ጥፍሯ እስኪጠቁር ጠብቆ ነው የሄደው።